በኤችዲ ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ በተራ ዲቪዲ ማጫወቻ እንዲታይ ምን ላድርግ?

ወሎዬ በሜሪላንድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በጥር ወር ደሴ ሄጄ የእኅቴን ሠርግና መልስ በራሴ የቪዲዮ ካሜራ ቀርጬ ተመልሻለሁ። ካሜራው እዚሁ አሜሪካ የተገዛ ሲሆን፣ ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ፎርማት 1920 በ1080 አድርጎ በኤስዲ ካርድ ላይ ይቀርጻል። ቀረጻውን ቆራርጬና አቀናብሬ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አሳጥሬዋለሁ፤ በኮምፒውተሬ ላይ ስመለከተው በሙሽሪት ካባ ላይ ያለው የወርቅ ክር እንኳ ተለይቶ ይታያል። ይሁን እንጂ ወላጆቼ ቤት ያለው ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥንና ከእርሱ ጋር በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ የተያያዘ ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ኢንተርኔቱ ይህን የሚያህል ፋይል ለማውረድ አይመችም፤ አባቴም በስልክ ቪዲዮ ማየት አይወዱም። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ዲስክ ማስያዝ ይኖርብኛል።

መጀመሪያ ከካርዱ ላይ ያሉትን የኤምቲኤስ ፋይሎች በቀጥታ በባዶ ዲቪዲ ላይ ገልብጬ ነበር፤ ማጫወቻው ግን ዲስኩ እንደማይነበብ ገለጸ። ከዚያ በነፃ ባገኘሁት ፕሮግራም አስለውጬ ሌላ ዲስክ አዘጋጀሁ። እርሱስ ተጫውቷል፤ ነገር ግን ሰዎቹ ሁሉ ረዛዝመውና ቀጥነው ይታያሉ፤ እስክስታው ሲጀመር የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ይቆራረጣል፣ እንቅስቃሴውም ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፤ የቀሚሶቹ ጥለትም ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ዋናው ቀረጻ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስሕተቱ የት ላይ ነው? ዲስኩን የአገር ቤቱ ቴሌቪዥን በሚከተለው የፓል ሥርዓት ላድርገው ወይስ በአሜሪካው በኤንቲኤስሲ? ይህን ሥራ በአግባቡ ለመሥራት የሚሸጥ ሶፍትዌር መግዛት የግድ ነው ወይ? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


የፒያሳው ኤዲተር

ውድ ወሎዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ለእኅትዎም የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው። ከመጀመሪያው ዲስክ ልነሣ። ተራ ማጫወቻ የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹ የዲቪዲ ማጫወቻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ሲቀርቡ የነበረውን ደንብ ብቻ ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ምስሉ በኤምፔግ 2 የታመቀ፣ ስፋቱ በኤንቲኤስሲ 720 በ480፣ በፓል ደግሞ 720 በ576 የሆነ፣ ቢትሬቱም፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚነበበው የመረጃ መጠን፣ ከ9.8 ሜጋቢት ያልበለጠ መሆን አለበት። ድምፁ በአብዛኛው ዶልቢ ዲጂታል ሲሆን ናሙናው 48 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ቪዲዮ ቲኤስ በሚባል ፎልደር ውስጥ በቪኦቢ፣ በአይኤፍኦና በቢዩፒ ፋይሎች ተደራጅቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ኤቪሲኤችዲ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሶኒና በፓናሶኒክ የወጣ ሲሆን፣ ምስሉን የሚያምቀው በኤች 264 ነው። የወላጆችዎ ማጫወቻ ውስጥ ያለው ቺፕ ይህን የሚፈታበት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም ለእርሱ እንደሌለ ነው። የዩኤስቢ መሰኪያ ያላቸው ርካሽ ማጫወቻዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሚያነቡት እንደ ዲቪኤክስ ያለውን የቀድሞውን ዓይነት ብቻ ስለሆነ በእነርሱም ላይ ተስፋ ማድረግ አይበጅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከካሜራዎች ጋር የሚመጡ አንዳንድ ፕሮግራሞች የኤችዲውን ጥራት እንደያዘ በዲቪዲ ላይ የሚጽፉበት አማራጭ አላቸው። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚሠራው ኤቪሲኤችዲን በሚደግፉ የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ላይ ነው። የሶኒ ካሜራዎች መመሪያ ይህን ዲስክ ተራ ማጫወቻ ውስጥ ማስገባት እንደማይገባ፣ ማጫወቻው ዲስኩን መልሶ ሳያወጣ ሊቀር እንደሚችል ጭምር ያስጠነቅቃል። ዲስኩ ደሴ ውስጥ ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ቢቀር ከሜሪላንድ ሆነው የሚረዱት ነገር አይኖርም።

ሰዎቹ ረዝመውና ቀጥነው የታዩበት ምክንያት ከሁሉም ቀላሉ ነው። የካሜራዎ ምስል 16 ለ9 ነው፤ በዲቪዲ ላይ ሲሰፍር ግን ወደ 720 በ480 ተጨምቆ ይቀመጥና ማጫወቻው ሲያጫውተው ወደ ትክክለኛ ስፋቱ እንዲመልሰው በፋይሉ ላይ ምልክት ይደረግለታል። ፕሮግራሙ ምልክቱን 4 ለ3 ብሎ ከጻፈው ሰው ሁሉ ሸንበቆ ይመስላል። ምልክቱ ትክክል ሆኖም የማጫወቻው ቅንብር 16 ለ9 ላይ ከተተወና ቴሌቪዥኑ የድሮው ባለ 4 ለ3 ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ እርስዎ ሲያዘጋጁ 16 ለ9 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ቤተሰብዎ በሪሞቱ ሴትአፕ የሚለውን ተጭነው የቴሌቪዥኑን ዓይነት 4 ለ3 ኤልቢ ላይ እንዲያደርጉት ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይመጣል፤ ሙሽሮቹ ግን ወደ ቁመናቸው ይመለሳሉ።

ቢትሬቱን በሚመለከት ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት፣ ማለትም 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር 4.38 ብሎ ቢያሳይዎ አይደንግጡ። ያንን በ8 አባዝተው ለ6600 ሰከንድ ቢያካፍሉት በሰከንድ 5.7 ሜጋቢት ይደርሳል። ከዚህ ላይ ለፋይሉ አደረጃጀትና ለድምፁ ሲቀነስ ለምስሉ በአማካይ 5.2 ያህል ይተርፋል። ድምፁን ባልታመቀ ፒሲኤም ካደረጉት ብቻውን 1.5 ሜጋቢት ስለሚወስድ በዶልቢ ዲጂታል፣ በ192 ወይም በ256 ኪሎቢት፣ በሁለት ቻናል ያድርጉት፤ ካሜራዎ ባለ 5.1 ድምፅ ቢቀርጽም ለአንድ ቴሌቪዥን ስፒከር የሚጠቅም ነገር የለውም። 5.2 ለንግግርና ለምርቃት ይበቃል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲጨፍር ግን ምስሉ ወደ ካሬ ካሬ መሰባበር ይጀምራል። እኔ ብሆን ሠርጉን በአንድ ዲስክ፣ መልሱን በሌላ ዲስክ አድርጌ ለእያንዳንዱ አማካዩን 7፣ ጣሪያውን 8 አደርገው ነበር። ከ8 በላይ መሄድ በደንቡ ቢፈቀድም፣ በቤት የተጻፈን ዲስክ የሚያነብ ያረጀ ማጫወቻ ላይ መቆራረጥን ያመጣል። ባለ ሁለት ንጣፉ 8.5 ጊጋባይት ዲስክም ቢሆን ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ሲሻገር የድሮ ማጫወቻዎችን ስለሚያስቸግር አልመክርዎትም።

ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግዎትም። ዲቪዲስታይለር በነፃ የሚገኝ ሲሆን ማውጫውንም ሆነ ዲስኩን ያዘጋጅልዎታል፤ በዊንዶውስ የሚሠራው ኤቪኤስቱዲቪዲም እንዲሁ ነፃ ነው። ሃንድብሬክ ግን ሰው ሁሉ ስለሚያወድሰው ብቻ አያውርዱት፤ ከዲቪዲ ወደ ኤምፒ 4 ይለውጣል እንጂ ዲቪዲ አይሠራም። ዊንዶውስ 7 ላይ የነበረው የዲቪዲ ማዘጋጃ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ቀርቷል።


ሲግናል

የፒያሳው ኤዲተር የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የትከሻውን ነገር ዘለውታል፤ የዚህ ሥራ ዋና ፈተና ደግሞ እርሱ ነው። ስፋትና ቢትሬት በትክክል ተሞልተውም ዲስኩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የካሜራዎ 1080 ኢንተርሌስድ ምስል በእያንዳንዱ ቅጽበት ሙሉ ሥዕል አይወስድም። በሰከንድ 59.94 ጊዜ ግማሽ ሥዕል፣ ማለትም አንድ ፊልድ ይወስዳል፤ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን 540 መስመሮች፣ ከሰከንድ 60ኛ ያህል ቆይቶ ደግሞ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን 540 መስመሮች። እነዚህ ሁለቱ የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚቆላለፉ ተጠላልፈው በአንድ ፍሬም ውስጥ ይቀመጣሉ። ቆሞ የሚመርቅ ሽማግሌ በሁለቱም ፊልድ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን በመጀመሪያው ፊልድ አንድ ቦታ፣ በሁለተኛው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሳያገናዝብ 1080ውን መስመር እንደ አንድ ሥዕል ቆጥሮ ወደ 480 ሲያሳንሰው፣ የሁለት ቅጽበት መስመሮች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ማበጠሪያ የመሰለው ጠርዝ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ ደግሞ በኋላ በሚደረግ ማጣሪያ አይለይም፤ ስለዚህ ያንን ሁለተኛውን ዲስክ ለማረም አይድከሙ፤ ከዋናው ቀረጻ እንደገና መጀመር አለበት።

ትክክለኛው አካሄድ በመጀመሪያ ፊልዶቹን ነጣጥሎ እያንዳንዳቸውን ሙሉ ፍሬም ማድረግ ነው፤ በሰከንድ 59.94 ሙሉ ፍሬም ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ፍሬም ወደ 720 በ480 ይነስ። በመጨረሻ ከአንዱ ፍሬም ጎዶሎ መስመሮችን፣ ከሚቀጥለው ሙሉ መስመሮችን እየወሰዱ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ያለው አዲስ ኢንተርሌስድ ምስል ይሠራ። የድሮው ቴሌቪዥን በተፈጥሮው የሚሥለው በፊልድ ስለሆነ፣ ካሜራው ያየውን እንቅስቃሴ አንድም ሳያስቀር መልሶ ያሳያል። አንዳንዶች ፊልዱን በማዋሐድ ወደ 29.97 ሙሉ ፍሬም ብቻ አውርደው ይተዉታል፤ ማበጠሪያው ይጠፋል፣ ግን የእንቅስቃሴው ግማሽ አብሮ ይጠፋል፤ ጭፈራውም እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል። ለስብሰባ ቀረጻ ይሁን፤ ለወሎ ጭፈራ ግን አይሆንም።

ወደፊትና ወደኋላ የሚለው መንቀጥቀጥ ከዚህ የተለየ በሽታ ነው፤ የፊልድ ቅደም ተከተል ስሕተት ይባላል። ኤችዲ ካሜራዎች የላይኛውን ፊልድ ያስቀድማሉ። በዲቪ ካሴት ይቀርጹ የነበሩት የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ግን የታችኛውን ያስቀድሙ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተዘጋጁ የፕሮግራም ቅንብሮች ሁሉንም ምስል እንደዚያ ይቆጥሩታል። የኋላው ቅጽበት ቀድሞ፣ የፊተኛው ተከትሎ ሲታይ ሰውየው አንድ እርምጃ ሄዶ ግማሽ ይመለሳል። መድኃኒቱ ከላይኛው ፊልድ የሚጀምር ብሎ መምረጥ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ፍተሻው በቴሌቪዥን ላይ ይሁን፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዞርበትን ክፍል አጫውተው የግድግዳውን ጠርዝ ይመልከቱ።

እኔ የምጠቀመው ኤፍኤፍኤምፔግን ነው፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጠው ነፃ ፕሮግራም ነው። በእርሱ ውስጥ ያዲፍ የሚባለውን ማጣሪያ ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም እንዲያወጣ አድርጎ ማስቀደም፣ ቀጥሎ መጠኑን የሚያሳንሰውን ስኬል የሚለውን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ኢንተርሌስ የሚለውን ማድረግ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የወጣውን የኤምፔግ 2 ፋይል ለዲቪዲስታይለር ሲሰጡት ኮፒ የሚለውን ይምረጡለት፤ አለበለዚያ እንደገና አምቆ ጥራቱን ሁለተኛ ጊዜ ይቀንሰዋል።

የጥለቱ ብልጭታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1920 በ1080 ወደ 720 በ480 ሲወርድ የሚቀረው የፒክስሉ ስድስተኛ እጅ ብቻ ነው። ቀጭን አግድም የጥለት ክር በአንድ መስመር ላይ ብቻ ከወደቀ የሚገኘው በአንዱ ፊልድ ውስጥ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ እየበራና እየጠፋ ዓይን ይወጋል። ኢንተርሌስ የተባለው ማጣሪያ ይህን ለማብረድ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ የሚያለሰልስበት አማራጭ ስላለው አያጥፉት። ምስሉ በኮምፒውተር ሲታይ ትንሽ የደበዘዘ ይመስልና ሰው ጠርዝን የሚያጎላውን ሻርፕ የሚለውን ሊጨምርበት ይቃጣዋል፤ ሻርፕ ግን የጥለት ጠላት ነው። ቀለሙንም አይርሱ፤ ኤችዲ የሚከተለው 709 የሚባለውን የቀለም ደረጃ፣ ዲቪዲ ደግሞ 601 የሚባለውን ነው። ልወጣው ካልተደረገ ቀዩና አረንጓዴው ጥቂት ይዛነፋሉ፤ የፊት መልክም ከተፈጥሮው ይርቃል።

በፓልና በኤንቲኤስሲ መካከል ካስመረጡኝ ኤንቲኤስሲ እላለሁ። ቀረጻዎ 59.94 ፊልድ ስለሆነ ወደ ኤንቲኤስሲ ሲሄድ በጊዜው ላይ ምንም አይነካም። ወደ ፓል ከሄደ ግን 59.94ቱ ወደ 50 መውረድ ስለሚኖርበት ወይ ቅጽበቶች ይጣላሉ ወይ ይዋሐዳሉ።


የፒያሳው ኤዲተር

በመጨረሻው ሐሳብ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አገራችን የፓል አገር ናት፤ ቤት ውስጥ ያሉት የድሮ ቴሌቪዥኖችም ለፓል የተሠሩ ናቸው። በኋላ የገቡት አብዛኞቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ፓል ብቻ የሚያውቅ ያረጀ ቴሌቪዥን ግን የኤንቲኤስሲውን ምልክት ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳያል፣ ወይም ምስሉ ከታች ወደ ላይ ይንከባለልበታል። ከውጭ የመጣ ዲስክ ይዘው “ቀለሙ ጠፋ” እያሉ ሱቃችን የሚመጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ባለሙያው ስለ ፊልድ የሚጨነቀውን ያህል የሚያዩት ሰዎች ቤት ምን እንዳለ መጨነቅ አለበት ባይ ነኝ። በ50 ፊልድ በሚቀርጽ ካሜራ ቢሆን ኖሮ እኮ ጥያቄውም አይነሣም ነበር።


ሲግናል

ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ማጫወቻው የኤንቲኤስሲውን ምልክት እንዳለ ሲያሳልፈው ነው። እዚያ የሚሸጡት ማጫወቻዎች አብዛኞቹ በሴትአፕ ውስጥ ቲቪ ሲስተም የሚል መስመር አላቸው፤ ኤንቲኤስሲ፣ ፓል፣ አውቶ ይላል። ፓል ላይ ከተደረገ ማጫወቻው ራሱ ለውጦ ያወጣዋል፤ ቀለሙም ይመለሳል። ልወጣው ፍጹም ባይሆንም ዲስኩ ላይ ያለው ምስል አልተነካም፤ ነገ ወላጆቻቸው ቴሌቪዥን ቢቀይሩ ያው ዲስክ በተሻለ ይታያል። በእኛ ልወጣ የተበላሸ የፓል ዲስክ ግን እንደተበላሸ ይኖራል። በተጨማሪም በፓል አገሮች ያሉ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲን ያጫውታሉ፤ በአሜሪካ የሚሸጡት ግን አብዛኞቹ ፓልን አይቀበሉም። ወሎዬ ሜሪላንድ ላሉ ዘመዶቻቸውም ቅጂ መስጠታቸው የማይቀር ስለሆነ አንዱ ዝግጅት ለሁለቱም ወገን ይሆናል። ይሁንና ኤዲተሩ ያነሡት ነገር በግምት መታለፍ የለበትም፤ ጭፈራ፣ ንግግርና የካሜራ ዙረት ያለበትን የጥቂት ደቂቃ ቁራጭ በርካሽ ዲስክ አድርገው አስቀድመው ቢልኩና ቴሌቪዥኑ ላይ ቢያስሞክሩ ክርክሩን እርሱ ይፈታዋል።


ወሎዬ በሜሪላንድ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አዳራሹ ውስጥ በተቀረጸው ክፍል ላይ የብርሃን ማዕበል የመሰለ መርገብገብ አለ፤ ይህ ዋናው ቀረጻ ላይም እንዳለ አሁን አስተዋልሁ። ሁለተኛ፣ ረጅም የሆኑት ቀረጻዎች በካርዱ ላይ በብዙ ፋይል ተከፋፍለው ስለተቀመጡ በመገጣጠሚያቸው ላይ ድምፁ ቅጽበት ያህል ይቋረጣል፤ አንደኛው መቋረጥ የወደቀው የአባቴ ምርቃት መካከል ላይ ነው። እነዚህ ይታረማሉ?


ሲግናል

የድምፁ መቋረጥ ይታረማል። ኤቪሲኤችዲ ካሜራዎች አንዱን ረጅም ቀረጻ እንደየዓይነታቸው በ2 ወይም በ4 ጊጋባይት ገደማ እየቆረጡ ያስቀምጡታል፤ ሲቆረጥ ግን የሚጠፋ ነገር የለም፤ የአንዱ ፋይል መጨረሻ በሚቀጥለው ፋይል መጀመሪያ ላይ ይቀጥላል። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ሲያስገቧቸው ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እንደ ራሱን የቻለ ቀረጻ ይቆጥረውና ጫፉ ላይ ያልተሟላውን ድምፅ ይጥለዋል። ስለዚህ ከካርዱ ላይ የኤምቲኤስ ፋይሎቹን ለብቻቸው አያውጡ፤ ፕራይቬት የሚለውን ፎልደር ከነሙሉ አደረጃጀቱ ይገልብጡና ከካሜራው ጋር በመጣው ፕሮግራም ያስገቡት፤ እርሱ ቁርጥራጮቹን አያይዞ አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። ካርዱን ካላጠፉት ምርቃቱ በሙሉ እዚያው አለ።

መርገብገቡ አስቸጋሪ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የአሜሪካው ካሜራ የሚወስደው ደግሞ በሰከንድ 60 ያህል ስለሆነ፣ አንዱ ፊልድ ድምቀቱን፣ ሌላው ድብዘዛውን ያገኛል፤ ልዩነቱ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ ይታያል። ለወደፊቱ አገር ቤት ሲቀርጹ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ከአውቶ አውጥተው መቶኛ ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ፊልድ አንድ ሙሉ የብርሃን ዑደት ስለሚይዝ መርገብገቡ አይመጣም። ለተቀረጸው ግን ኤፍኤፍኤምፔግ ዲፍሊከር የሚባል ማጣሪያ አለው፤ የተከታታይ ፍሬሞችን ብርሃን እያማከለ ያስተካክላል። የሚገባበት ቦታ ከያዲፍ በኋላ፣ ከኢንተርሌስ በፊት ነው፤ ዑደቱ በሦስት ፊልድ አንዴ ስለሚደጋገም የሚያማክላቸውን ፍሬሞች ብዛት የሦስት ብዜት ያድርጉት። ይህ የሚረዳው ምስሉ በሙሉ አንድ ላይ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ነው። እርስዎ ማዕበል ይመስላል ማለትዎ ግን አግድም ባንድ የሚወርድ መሆኑን ያስጠረጥረኛል፤ ሲሞስ የሚባለው የምስል መቀበያ ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነቡ እንዲህ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ማጣሪያው ጥቂት ያበርደዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በአዳራሹ ክፍል ላይ ብቻ ይሞክሩት፤ በፀሐይ ብርሃን የተቀረጸውን አይንኩት።


የፒያሳው ኤዲተር

ስለ ቲቪ ሲስተሙ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ ሙከራው ከተደረገ እኔም ኤንቲኤስሲውን አልቃወምም። ስለ ዲስኩ አጻጻፍ ጥቂት ልበልና ላብቃ።

በቪዲዮው ላይ የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን የሚጽፉ ከሆነ ፊደሉን ወፈርና ገዘፍ አድርገው ይጻፉት። የእኛ ፊደል ቅጥያዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በ480 መስመር ላይ ሲወርዱ ሀ እና ሃ፣ ለ እና ሉ መለየት ያቅታቸዋል። የድሮ ቴሌቪዥን ደግሞ የምስሉን ዳር ዳር ስለሚቆርጥ ጽሑፉን ከየጠርዙ የምስሉን አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡት። የፋይሎቹንና የዲስኩን ስም ግን በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ የአማርኛ ስም ሲያጋጥማቸው መሥራት የሚያቆሙ የዲቪዲ ፕሮግራሞች አሉ።

ዲስኩ ዲቪዲ ሲቀነስ አር የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፍባቸውን ዲስኮች ያረጁ ማጫወቻዎች ለማንበብ ያስቸግራሉ። ዲቪዲስታይለር ካዘጋጀልዎት በኋላ አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ የያዘ አንድ ፋይል፣ ያውጡና ኢምግበርን በሚባለው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ይጻፉት፤ ፍጥነቱን ዲስኩ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ላይ አያድርጉት፤ በ4 ወይም በ8 እጥፍ ይበቃል፤ ከተጻፈም በኋላ የተጻፈውን መልሶ የሚያመሳክረው ቬሪፋይ የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ይሁን። በዲስኩ ፊት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አይጠቀሙ፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያሳጣዋል፣ ሲሞቅም ይላቀቅና ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። ለዲስክ በተሠራ ማርከር ሠርግ፣ መልስ ብለው ይጻፉበት። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጂ ይላኩ፤ አንዱ በጎረቤት መዋዋስ መጫሩ አይቀርም። የኤችዲውን ዋና ቀረጻ ደግሞ ዲስኩ ተሳክቷል ብለው አያጥፉት፤ ዲቪዲው ስድስተኛ እጁን ብቻ ነው የያዘው፤ ሙሉውን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡት።